ሲኤምቪ ፖዘቲቭ? እሺ፣ ከመቼ ጀምሮ?

አሁን አሁን ቴሌግራሜ ላይ የሚመጣልኝ ፎቶ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኗል። ግማሽ ገጽ የላብራቶሪ ወረቀት፣ ጥጉ ላይ ማህተም፣ መሃሉ ላይ ሰንጠረዥ፣ አንዱ መስመር በቀይ እስክሪፕቶ ተከቦ፣ ከስሩ ደሞ «እህቴ ይሄ ምን ማለት ነው? ልጁ ይተርፍልኛል?» የሚል። አንዳንዷን አውቃታለሁ፣ አንዳንዷ የጓደኛዬ የአክስት ልጅ ምናምን ናት። እኔ እኮ ሐኪም አይደለሁም፣ ደሴ አንድ መስሪያ ቤት ውስጥ ሂሳብ የምሰራ ሰው ነኝ፣ ግን ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ይሄ ሲኤምቪ የሚሉት ቫይረስ ወረቀቴ ላይ ወጥቶ ስብሰለሰል ሰፈሩ ሁሉ ስለሰማ «ለሷ ላኪላት» ይባባላሉ። እንግዲህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ልገላገል፣ ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

መጀመሪያ ያ በቀይ የተከበበው መስመር። ከሚላኩልኝ ውስጥ አብዛኞቹ ላይ የተከበበው «አይጂጂ ፖዘቲቭ» የሚለው ነው (አይጂጂ ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያወጣው ፀረ እንግዳ አካል ነው)፣ እውነቱን ለመናገር ደሞ እዛ መስመር ላይ ኔጋቲቭ የሆነች ሴት ነች ወሎ ውስጥ ተፈልጋ የምትገኘው። እኔ ፖዘቲቭ ነኝ፣ እናቴ ብትመረመር ፖዘቲቭ እንደምትሆን አልጠራጠርም፣ ወረቀቱን በመስኮት ያቀበለችሽ ልጅም ሳትሆን አትቀርም።

ሲኤምቪ ሙሉ ስሙ ሳይቶሜጋሎቫይረስ ነው። ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው ቫይረስ ዘመድ ነው፣ ሁለቱም ከሄርፒስ ቤተሰብ ናቸው፣ ጠባያቸውም ይመሳሰላል፤ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይቀመጥና አልፎ አልፎ ብድግ ይላል። የሚተላለፈው በምራቅ፣ በሽንት፣ በጡት ወተት፣ በግብረ ስጋ ግንኙነትና በደም ነው። ጤነኛ ሰው ሲይዘው ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ትንሽ ድካም፣ «ጉንፋን ነው» ይልና ያልፋል።

እኛ ጋ ደሞ አስቢው እስኪ። እናት እንጀራውን በጥርሷ አድቅቃ ለልጇ የምታጎርስበት፣ የጎረቤት ሴት የሰው ልጅ ከንፈሩን ስማ የምታልፍበት፣ አንድ ኩባያ ውሃ ቤት ሙሉ ልጅ የሚዞርበት፣ ገበታ ሲቀርብ በበር ያለፈ ሁሉ «ና ብላ» የሚባልበት አገር ነው። ቫይረሱ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል። አብዛኞቻችንን ገና ድክ ድክ ስንል ይዞን አልፏል፣ ማንም ሳያውቅ። በዓለም ደረጃ ከ80 ከመቶ በላይ ሰው ይሄ ቫይረስ አለበት፣ በአፍሪካ ብዙ ቦታ ደሞ ከአስር ሰው ዘጠኙ አካባቢ ነው። አውሮፓና አሜሪካ ግን ከሴቶቹ ብዙዎቹ፣ አንዳንድ ቦታ ግማሽ የሚሆኑት፣ ሳይያዙ ነው ለእርግዝና የሚደርሱት። ይሄንን ያዢልኝ፣ ምክንያቱም ሌሊት ጎግል ስታደርጊ እንቅልፍሽን የሚነሳሽ ጽሑፍ ባብዛኛው የተጻፈው ለነሱ ነው። እነሱ የሚፈሩት መጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ላይ መያዝን ነው። አንቺ ግን የሚበዛው ግምት ከተያዝሽ ሃያ ምናምን ዓመትሽ ነው።

እኔ ጋ እንዴት መጣ። በመደበኛ የእርግዝና ክትትል ሲኤምቪ አይመረመርም። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ የደም ዓይነት፣ የደም ማነስ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሽንት፣ በቃ እነዚህ ናቸው፣ ትክክልም ነው፣ እነዚህ ላይ የሚሰራ ነገር አለ። እኔ ግን ከትልቁ ልጄ ቀጥሎ አንድ እርግዝና ወርዶብኝ ስለነበር በዚህኛው አንድ የግል ክሊኒክ «ቶርች እንይልሽ» አሉኝ። ቶርች የጥቅል ምርመራ ነው፣ ቶክሶፕላዝማ፣ ሩቤላ፣ ሲኤምቪ፣ ሄርፒስና ሌሎችም አንድ ላይ ይታያሉ። (ቶክሶፕላዝማ ያው ጥሬ ስጋና የድመት ነገር ነው፣ እሱ ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል፣ በተለይ ክትፎ ለሚወዱት።) ደም ሰጠሁ፣ ጠበቅኩ፣ መስኮት ላይ የነበረው ልጅ ወረቀቱን እያጠፈ «ቫይረስ ተገኝቶብሻል፣ ዶክተሩን አናግሪ» ብሎኝ የሚቀጥለውን ስም ጠራ።

አማቴ አብረውኝ ነበሩ። ለሳቸው ትውልድ ቫይረስ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ስሙ አይጠራም። ፊታቸው ጠቆረ፣ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈሱም፣ ባጃጅ ውስጥ ብቻ «ያ ረቢ» ሲሉ ሰማኋቸው። ያን ቀን ቡና አልተፈላም፣ እሳቸው ቤት ቡና አልተፈላም ማለት ለቅሶ አለ ማለት ነው። ማታ ባሌ ሲገባ ጓዳ ጠርተው «ልጄ፣ አትደብቁኝ፣ መድኃኒቱን ጀምራችኋል?» አሉት። እሱ ምን እንደሚያወሩ ግራ ገባው። እኔ የክትትል ካርዴን ይዤ ገባሁ፣ «እማ፣ ያ አይደለም፣ እሱማ ተመርምሬ ነጻ ነኝ፣ ይኸው እዩት» አልኳቸው። ማንበብ አይችሉም ግን ካርዱን ተቀብለው ግራ ቀኝ አገላብጠው አዩት። «አልሐምዱሊላህ። ታዲያ ይሄኛው የምኑ ነው? መቼ ገባብሽ?»

መቼ ገባብሽ። ከዛ በኋላ ያገኘኋቸው ሐኪሞች ሁሉ በሌላ አፍ የጠየቁኝ ይሄንኑ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን ለሱ የሚሆን መስመር የለም። ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ፣ አለቀ።

እሺ ወደ መስመሮቹ። አይጂጂ ሰውነትሽ ቫይረሱን እንደሚያውቀው ነው የሚናገረው፣ ባለፈው ወር ይሁን በሕፃንነትሽ አይለይም፣ ዕድሜ ልክ ፖዘቲቭ ሆኖ ይኖራል። ቁጥር ካለው ደሞ ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ «መቶ ሰማንያ ነው ይላል፣ ከ6 በላይ ፖዘቲቭ ነው ይላል፣ በጣም ብዙ ነው አይደል?» የምትለኝ አለች፤ አይደለም፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ አዲስ ነው ወይ ኃይለኛ ነው ማለት አይቻልም። አይጂኤም ደሞ ሰውነት መጀመሪያ አካባቢ የሚያወጣው ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ነው፣ ስለዚህ አይጂኤም ፖዘቲቭ ሲሆን «በቅርቡ ነው የያዘሽ» ይባላል። ይባላል እንጂ ሁልጊዜ አይሆንም። የሲኤምቪ አይጂኤም ከተያዙ በኋላ ለወራት ይቆያል፣ አንዳንድ ሰው ላይ ከዓመት በላይ ሁሉ ይገኛል። የተኛው ቫይረስ ብድግ ሲልም ይወጣል። ሌላ ቫይረስ ይዞሽም፣ ለምሳሌ ኢቢቪ የሚባለው፣ ወይ የሪህ ዓይነት በሽታ ኖሮብሽ ምርመራው ሊሳሳት ይችላል። ያቺ በጠብታ ደም መስመር የምታወጣዋ ካሴት ላይ ብቻ የታየ ከሆነ ደሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ነው፣ ደብዘዝ ያለች መስመር አንዱ «አለች» ሌላው «የለችም» ሊላት ይችላል። አይጂኤም ፖዘቲቭ ከሆኑ እርጉዞች ብዙዎቹ ሲጣራ አዲስ የተያዙ ሆነው አይገኙም።

ሁለቱም ኔጋቲቭ ከሆነ ቫይረሱን አታውቂውም ማለት ነው፣ እዚህ አገር ብርቅ ነሽ፣ ጥንቃቄው ከማንም በላይ ላንቺ ነው። አይጂጂ ፖዘቲቭ ሆኖ አይጂኤም ኔጋቲቭ ከሆነ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት የተሰራ ከሆነ፣ ነገሩ የቆየ ነው፣ ሄደሽ ተኚ። አይጂኤም ብቻ ፖዘቲቭ ከሆነ ከሁለት ሶስት ሳምንት በኋላ ይደገማል፣ ያኔ አይጂጂው ከኔጋቲቭ ወደ ፖዘቲቭ ከተቀየረ በእርግጥም አዲስ ነው፣ ካልተቀየረ አይጂኤሙ ውሸቱን ነው። ሁለቱም ፖዘቲቭ ሲሆን ግን፣ ያው የኔ ዕጣ ማለት ነው፣ ወረቀቱ ብቻውን ምንም ሊነግርሽ አይችልም፣ ሐኪሙም ወረቀቱን ብቻ አይቶ «በቃ ተይዘሻል» ካለሽ ሌላ ሐኪም ጋ ሂጂ። አንዷ እኮ ይሄን ይዛ ሄዳ «ጽንሱን ብታቋርጪው ይሻላል» የተባለች አለች፣ በዛች ወረቀት ብቻ! እስካሁን ሳስበው ይነደኛል።

መቼ የሚለውን የሚመልስ ምርመራ አለ፣ አቪዲቲ ይባላል። ሰውነት አዲስ ያወጣው አይጂጂ ቫይረሱን ላላ አድርጎ ነው የሚይዘው፣ ወራት ሲያልፉ አያያዙ እየጠበቀ ይሄዳል። ላብራቶሪው ውስጥ አይጂጂው ቫይረሱን እንዲይዝ ያደርጉና ዩሪያ በመሰለ ኬሚካል ያጥቡታል፣ ልክ ቀለም የተነከረ ጨርቅ ሲታጠብ እንደሚታየው ነው፣ ትናንት የተነከረው ይለቃል፣ ቀለሙ የያዘለት ውሃውን እንኳን አያደፈርስም። ብዙ ከለቀቀ አቪዲቲው ዝቅተኛ ነው፣ ያዘሽ ቢባል ባለፉት ሶስት አራት ወራት ውስጥ ነው። ካልለቀቀ ከፍተኛ ነው፣ ከሶስት አራት ወር በፊት ነው። ስለዚህ ምርመራው ዋጋ የሚኖረው እርግዝናው ገና ሳለ ነው፤ በሶስተኛ ወርሽ ተሰርቶ ከፍተኛ ከመጣ ሳታረግዢ በፊት ነው የያዘሽ፣ በሰባተኛ ወርሽ ከፍተኛ ቢመጣ ግን በአንደኛው ወር ይሁን በልጅነት አይለይም። እኔ ደሴ የጠየቅኩባቸው ቦታዎች አንሰራውም አሉኝ፣ ደሜ ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ፣ ከዛም ወዴት እንደሄደ አላውቅም፣ ብቻ ውጤቱ ቶሎ አልመጣም።

እስከዛ ቁጭ ብዬ ነገር ሳመነዥክ አንድ የማህፀን ስፔሻሊስት ጋ ገባሁ። ወረቀቴን አየው፣ አስቀመጠው፣ «ከዚህ እርግዝና በፊት ይሄን ምርመራ ተሰርተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ያ የወረደብኝ ጊዜ ብዙ ደም ተቀድቼ ነበር፣ ምን ምን እንደነበር ግን ማን ያስታውሳል፣ ያኔ ሃሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። «ወረቀቱን ፈልጊልኝ» አለኝ። ባሌ ቤት ውስጥ ያለን ወረቀት ሁሉ አንድ ሰማያዊ ፌስታል ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፣ የቤቱ ካርታ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የልጁ የክትባት ካርድ፣ የሱ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይቀር። አልጋ ላይ ዘረገፍነው። ከካርታው እጥፋት ውስጥ ወጣች፣ ጠርዟ በሻይ የረጠበች ወረቀት፣ ሲኤምቪ አይጂጂ ፖዘቲቭ፣ አይጂኤም ኔጋቲቭ፣ ከላይ ቀን። ይሄን እርግዝና ከማርገዜ ከዓመት በላይ ቀድሞ የተጻፈ ቀን።

ስፔሻሊስቱ ሲያያት ሳቀ። «ይቺ ከአዲስ አበባው ትበልጣለች» አለኝ። ሳላረግዝ በፊት አይጂጂ ፖዘቲቭ ከነበርኩ፣ በእርግዝናው ላይ መጀመሪያ ጊዜ ተያዘች የሚባል ነገር የለም፣ አለቀ። አይጂኤሙ ወይ ከተኛበት ብድግ ያለ ነው፣ ወይ የምርመራው ስህተት ነው። ከቆይታ በኋላ አቪዲቲውም መጣ፣ ከፍተኛ ይላል፣ በሶስተኛ ወር የተቀዳ ደም ነበር፣ ሁለቱ ተገናኙ። ያወጣሁት ብር ያንገበግበኛል፣ ግን ባላወጣው ኖሮ ደሞ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር፣ እንዲሁ ነው። ብቻ የላብ ወረቀት አትጣሉ፣ በተለይ የወረደባችሁ ጊዜ የተሰራውን፣ ሰው ያን ወረቀት ማየት ስለማይፈልግ ነው ቀዶ የሚጥለው፣ ይገባኛል፣ ለእህትሽም ቢሆን ሰጥተሽ አስቀምጪው።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚጠይቀኝ፣ ልጁስ? እናት በእርግዝና ላይ መጀመሪያ ጊዜ ከተያዘች ቫይረሱ ወደ ጽንሱ የሚሻገርበት ዕድል ከ30 እስከ 40 ከመቶ አካባቢ ነው። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ የመሻገር ዕድሉ ይጨምራል፣ ጉዳቱ ግን ይቀንሳል፤ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ሶስት ወራት ሲሆን ነው፣ አንጎሉ፣ ጆሮው የሚሰራበት ጊዜ ነዋ። የቆየ ከሆነ፣ እንደኔ ማለት ነው፣ የመሻገር ዕድሉ 1 ከመቶ አካባቢ ይሆናል። ተሻግሮ ከተወለዱት ልጆች ውስጥ ሲወለዱ ምልክት የሚታይባቸው ከአስር አንድ ገደማ ናቸው፣ ትንሽ ጭንቅላት፣ ቢጫ መሆን፣ ቆዳ ላይ ነጠብጣብ፣ የጉበትና የጣፊያ ማበጥ። ምንም ሳይታይባቸው ከተወለዱት ደሞ ከ10 እስከ 15 ከመቶ የሚሆኑት ቆይቶ የመስማት ችግር ይመጣባቸዋል።

1 ከመቶ ስባል «እፎይ» ብዬ ነበር፣ ከዛ ሳነብ እፎይታዬ ትንሽ ቀዘቀዘ። እንደኛ ሁሉም ሰው ተይዞ በሚያድግበት አገር በሽታው ጠፍቷል ማለት አይደለም። እናቶቹ ብዙ ስለሆኑ ያ 1 ከመቶ ተጠራቅሞ ብዙ ልጅ ይሆናል፣ ብራዚል ሴቶቹ ሁሉም ማለት ይቻላል ፖዘቲቭ በሆኑበት ቦታ የተወለዱ ልጆች ተመርምረው 1 ከመቶ አካባቢ ቫይረሱን ይዘው ተወልደዋል። ሌላ ዓይነት ሲኤምቪ እንደገና ሊይዝሽም ይችላል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ነኝና አይነካኝም ብሎ መዝናናትም፣ ፖዘቲቭ ነኝና አለቀልኝ ብሎ ማልቀስም አያስኬድም። ባለቤትሽ ከጠየቀሽ ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ደህና ነው በይው፣ አንቺ ግን የልጅሽን ጆሮ አስመርምሪ። እዛ እንመለስበታለን።

በእርግጥ አዲስ የተያዘች ካለች ደሞ ነገሩ እንደድሮው «ምንም አይደረግም» አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የእስራኤል ጥናት አለ፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ የተያዙ ሴቶች ቫላሳይክሎቪር የሚባል መድኃኒት በቀን 8 ግራም ወስደው ወደ ጽንሱ መሻገሩ ከ30 ከመቶ ወደ 11 ከመቶ ወረደ። 8 ግራም ማለት በ500 ሚሊግራሙ ፍሬ በቀን አስራ ስድስት ነው! ኩላሊት እየታየ በሐኪም የሚሰጥ ነው፣ ፋርማሲ ሄደሽ «ለምች የሚሆነውን ስጡኝ» ብለሽ የምትጀምሪው አይደለም፣ ይሄን ያደረገች ስለማውቅ ነው። ልጁ መያዙን ከመወለዱ በፊት ማወቅ ካስፈለገ የሽርት ውሃው በመርፌ ተቀድቶ ይመረመራል፣ ግን ከአምስተኛው ወር አካባቢ በኋላና ከተያዘችበት ጊዜ ቢያንስ ሁለት ወር ካለፈ ነው፣ ምክንያቱም ቫይረሱ ሽርት ውሃው ውስጥ የሚገባው በጽንሱ ሽንት ነው፣ ኩላሊቱ መጀመሪያ መሽናት አለበት። አልትራሳውንድም ይረዳል፣ አንጎል ውስጥ ውሃ መብዛት፣ ነጫጭ ነጠብጣብ፣ የዕድገት ማነስ ያሳያል፣ ግን ንጹህ አልትራሳውንድ ብቻውን ዋስትና አይደለም።

ኮምቦልቻ የምቀርባት ልጅ አለች፣ ስለሷ ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል፣ ፈቅዳልኛለች። እርግዝናዋ ይወርዳል፣ ደግማ ታረግዛለች፣ ይወርዳል። የባሏ ቤተሰብ «ሾተላይ አለባት» አሏት። ሾተላይ ምን እንደሆነ ለወሎ ሰው አልነግርም። ጠበል ሄደች፣ ሼኾቹ ጋ ዱዓ ተደረገላት፣ ዱበርቲዎቹ መርቀዋታል፤ በዚህ አልቀልድም፣ እኔም የጨነቀኝ ጊዜ አስደርጌያለሁ፣ ያቺ ሴት ከሰው እኩል ቀና ብላ የተቀመጠችው እዛ ብቻ ነው። ከዛ አንድ ቦታ ቶርች ሰርተው አይጂጂ ፖዘቲቭ፣ አይጂኤም ኔጋቲቭ ሰጥተው «የሚያስወርድሽ ይሄ ቫይረስ ነው» አሏት። ደስ አላት! ስም አገኘችለት። ቤት ስትገባ ግን ያው ሾተላይ ነው፣ ስሙ ፈረንጅኛ ሆነ እንጂ፣ ደሞ አሁን «ከየት አመጣሽው» የሚል ተጨመረበት፣ ባሏ ከሷ ጋ በአንድ ትሪ መብላት አቆመ። ሰውዬው ራሱ ቢመረመር ፖዘቲቭ እንደሚሆን ብምልም አያስዋሸኝም።

ያ ወረቀት የሚለው እሷም እንደኔ፣ እንዳንቺ፣ እንደሰፈሩ ሁሉ በልጅነቷ ተይዛ ነበር ነው። በየእርግዝናው የሚወርድበትን ምክንያት አይናገርም። የእንግሊዝ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ለተደጋጋሚ ውርጃ ቶርች ማሰራት ይቅር ካለ ቆይቷል፣ እኛ ጋ ግን አሁንም ውርጃ ሲደጋገም መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው፣ ወረቀቱ ደሞ ሁልጊዜ አንድ ፖዘቲቭ አያጣም፣ ሴትየዋም ሐኪሙም እዛው ላይ ያቆማሉ። የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው፣ መታየት ያለበት ሳይታይ ጊዜዋ መሄዱ። ስኳር፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ ደም የሚያረጋ ፀረ እንግዳ አካል፣ የማህፀን ቅርጽ፣ እነዚህ ናቸው መጠየቅ ያለባቸው። እሷን በኋላ አንድ ሐኪም በደንብ አልትራሳውንድ ሲያያት ማህፀኗ መሃል ሲፈጠር ጀምሮ የነበረ ግድግዳ መሳይ ነገር ተገኘ፣ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላት። እሱ በሙያ የሚስተካከል ነገር ነው። ባሏ ትሪው ላይ ተመልሷል፣ እኔ ብሆን አላስቀምጠውም ነበር፣ ይሄ የኔ ሃሳብ ነው።

ጥንቃቄው ቀላል ነው፣ ለኛ ግን አይቀልም። ቫይረሱን በብዛት የሚያወጡት ትንንሽ ልጆች ናቸው፣ በምራቃቸውና በሽንታቸው ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት። ስለዚህ እርጉዝ ከሆንሽና ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ ካለ፣ ወይ መዋዕለ ሕፃናት የምትሰሪ ከሆነ፣ ዳይፐር ከቀየርሽ አፍንጫ ከጠረግሽ በኋላ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ የልጁን ትራፊ አትብይ፣ በማንኪያው አትቅመሽ፣ ስትስሚው ግንባሩን። በአንድ አልጋ መተኛት፣ ማቀፍ ችግር የለውም። ደሴ ውሃ በፈረቃ እየመጣ እጅ መታጠብ ማለት ጀሪካን ማዘንበል ነው፣ እኔ ከበሩ ጀርባ ትንሽ ጀሪካንና ሳሙና አስቀምጬ ነበር። የከበደኝ ትራፊው ነው። ልጄ የበላውን ግማሽ እንጀራ መጣል! አማቴ «ሪዝቅ አይጣልም» ብለው ራሳቸው ይበሉት ነበር፣ እሳቸው አያረግዙምና ተውኳቸው። ትልቁ ልጄ ደሞ አፉን አሹሎ ሲመጣ ግንባሩን ስስመው «ተጣልተናል?» አለኝ፣ አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ።

ልጄ ስትወለድ ጤነኛ ነበረች፣ ድምጿ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ያም ሆኖ ሐኪሙን ቀድሜ ለምኜው ነበር፣ ምክንያቱም ልጅ ቫይረሱን ይዞ መወለዱ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ 21 ቀናት ውስጥ በተወሰደ ሽንት ወይ ምራቅ ነው፣ በፒሲአር፣ ቫይረሱን ራሱን በሚፈልገው ምርመራ ማለት ነው። ከዛ ካለፈ ፖዘቲቭ ቢመጣ እንኳን በሆድ ውስጥ ይሁን ሲወለድ ወይ በጡት ወተት የያዘው አይለይም። (በጡት ወተት መያዝ በጊዜው ለተወለደ ልጅ ጉዳት የለውም፣ ማጥባት እንዳታቆሚ! ጥያቄው ያለጊዜያቸው ለተወለዱ በጣም ትንንሾች ነው፣ እሱን ሐኪም ይወስን።) ምራቅ ከሆነ ከጠባች ቢያንስ አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ይወሰዳል፣ ወተቱ ውስጥ ያለው ቫይረስ እንዳያሳስት፣ ፖዘቲቭ ከመጣም በሽንት ይረጋገጣል። እኛ ሽንቱን ነው ያደረግነው። ሴት ልጅ ላይ ያቺን የምትለጠፍ ከረጢት ለጥፎ ሽንት መያዝ ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ ያየው ያውቀዋል፣ ይላቀቃል፣ ይፈሳል፣ እንደገና፣ አማቴ በዛ መሃል «ወዬ ልጄ፣ ሽንቷ እንኳን አልታዘዝ አለ» እያሉ እስኪያንቃቸው ይስቃሉ። በመጨረሻ ሞላ፣ በበረዶ ታሽጎ አዲስ አበባ ሄደ፣ አልተገኘም ተብሎ መጣ።

ቢገኝ ኖሮስ? ምልክት ላላቸው ልጆች ቫልጋንሳይክሎቪር የሚባል ሽሮፕ ለስድስት ወር ይሰጣል፣ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ቢጀመር ነው የሚፈለገው፣ መስማትንና ዕድገትን ያግዛል፣ ነጭ የደም ሴልን ግን ስለሚቀንስ ክትትል አለው። ምልክት የሌላቸው ደሞ ጆሯቸው በየጊዜው ይታያል፣ ሲወለድ ጥሩ የሰማ ልጅ በሁለት በሶስት ዓመቱ ሊቀንስበት ስለሚችል አንዴ ታይቶ አይተውም።

ፒሲአር ያልተሰራላችሁ፣ ማለትም ከሞላ ጎደል ሁላችሁም፣ 21 ቀን አለፈ ብላችሁ አትጨነቁ፣ ጆሮውን ግን እዩት። በር ሲጋጭ ይደነግጣል ወይ፣ ከኋላው ስሙን ስትጠሪ ይዞራል ወይ፣ በአንድ ዓመቱ እማ አባ ማለት ጀምሯል ወይ። ይሄ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ «ተይው፣ የአባቱ ልጅ ነው፣ እሱም ቆይቶ ነው አፉን የፈታ» ቢሉሽ እሺ በያቸውና በነጋታው የጆሮ ሐኪም ጋ ይዘሽው ውጪ።